ጠመኔው በማን እጅ ነው?



በአገራችን ት/ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። መምህሩ ለስብሰባ ወይም ለሌላ ጉዳይ ከክፍል ሲወጣ የክፍሉ አለቃ ብድግ ብሎ ጠመኔ ያነሳል። ከጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሾች» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ያሰምርበታል። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ክፍሉን ይቃኛል። የተንሾካሾከ፣ የሳቀ፣ ወደ ኋላው የዞረ ሁሉ ስሙ ይመዘገባል። ደግሞ የተናገረ እንደሆነ ከስሙ ጎን የኤክስ ምልክት ይደረግበታል። ሦስት ኤክስ ያለበት ወዮለት! መምህሩ ሲመለስ አርጩሜው የሚያርፈው እንደ ኤክሱ ብዛት ነውና።

ይህን ስናነሳ ፈገግ የሚሉ አንባብያን ይኖራሉ። እኛም ፈገግ እንላለን። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመለከተው የሚያስቅ ብቻ ሆኖ አናገኘውም። አለቃው ወዳጁን አይጽፍም። ቆሎ ያቀመሰው፣ እርሳስ ያዋሰው ስሙ ይጠፋለታል። የተጣላው ልጅ ግን ጭጭ ብሎ ቢቀመጥም ይጻፋል፤ «ምን አደረግሁ?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ደግሞ «ተናገረ» ተብሎ ኤክስ ይጨመርበታል። እንግዲህ አንድ የስምንት ዓመት ሕፃን ስለ ሥልጣን የሚቀስመው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው። የተቀሩት ስልሳና ሰባ ልጆችስ የሚማሩት ምንድን ነው? ጠመኔ የያዘን ሰው መፍራት፣ ሲያስፈልግም መደለል! በ1987 ዓ.ል. የወጣው የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በት/ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ አርጩሜው ቢያንስ በሕግ ቀርቷል። ጠመኔው ግን በብዙ ክፍሎች አሁንም ከቦታው ነው።

ለመሆኑ አንድን ት/ቤት ለልጅ የሚመች ወይም የሚያስመርር የሚያደርገው ምንድን ነው? የመምህሩ ችሎታ ነው የሚል ይኖራል። እውነትነት አለው። ነገር ግን ልጅን ከት/ቤት የሚያስቀረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው መምህሩ በሌለበት ቦታ ነው። በእረፍት ሰዓት ከግቢው ጥግ፣ ከቧንቧው ሰልፍ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በስተጀርባ፣ ወደ ቤት በሚወስደው ቅያስ ውስጥ ነው። እዚያ ርእሰ መምህር የለም፤ ዘበኛም የለም። ያሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ በዚያ ቦታ ማን ማንን ይመራል? የሚለው ጥያቄ ለወላጅ የትንሽ ነገር ጥያቄ አይደለም።

እኛ ይህን ጽሑፍ ተባብረን ያዘጋጀነው ሦስት ሰዎች በ1986 ዓ.ል. በወሎ በምትገኝ አንዲት ከተማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። በክፍላችን ከሰማንያ በላይ ተማሪ ነበር። በአንድ ዴስክ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሆነን እንቀመጣለን። ት/ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ስለነበር ከሰዓት በኋላ ገብተን ሲመሻሽ እንወጣለን። ከመካከላችን ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ነበሩ። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ወደ አገራቸው ሄደው እሑድ ማታ ቂጣቸውንና በሶአቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። የከተማው ልጅ ከገጠሩ፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ፣ አማርኛ ተናጋሪው ከኦሮምኛ ተናጋሪው ጋር ተደባልቆ የሚውልበት ክፍል ነበር። ተደባልቆ ዋለ ማለት ግን ተዋወቀ ማለት አልነበረም።

የክፍል ኃላፊያችን የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ክፍሉ ጸጥ ካላለ እስኪል ድረስ ዝም ብለው የሚጠብቁ ሰው ናቸው። መስከረም ላይ እንደ ወጉ አለቃ አስመረጡን። የተመረጠውም እንደ ወጉ ድምፁ ጎላ ያለው ልጅ ነበር። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ግን ያልጠበቅነውን ነገር አደረጉ። ከአራት የተቀደደ የደብተር ብጫቂ ለእያንዳንዳችን አደሉንና «ስማችሁን አትጻፉ» አሉን። «የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከቤት ክፉ ወሬ ቢመጣባችሁ፣ ሰው ቢያስቀይማችሁ፣ ትምህርቱ ቢከብዳችሁ ከዚህ ክፍል መጀመሪያ ለማን ትነግራላችሁ? እስከ ሦስት ስም ጻፉ።»

ብጫቂዎቹን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ወሰዱ። በማግስቱ የዘጠኝ ተማሪዎች ስም ጠሩ። ክፍሉ በሙሉ ተገረመ። አለቃችን ከዘጠኙ ውስጥ አልነበረም። አንደኛ የሚወጣውም ልጅ አልነበረም። እነማን ነበሩ? ዘጠነኛን ሲደግም ሁለተኛ ዓመቱ የነበረ አንድ ረጅም ልጅ፣ ከእናቷ ጋር እንጀራ እየሸጠች የምትማር አንዲት ልጅ፣ ስሙ ከሰሌዳው ጥግ ጠፍቶ የማያውቅ አንድ ቀልደኛ፣ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ድምፃቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ሁለት የገጠር ልጆች… ከእኛ ከሦስታችን ከዘጠኙ የገባው አንዳችን ብቻ ነው። ማን እንደሆነ አንናገርም፤ እስከ ዛሬ ያጨቃጭቀናል።

መምህሩ ለዘጠኙ የሰጧቸው ሥራ ጠመኔ የሚያስጨብጥ አልነበረም። እንዲያውም የማንንም ስም እንዳይጽፉ ከለከሏቸው። አንድ ተማሪ ሁለት ቀን በተከታታይ ከቀረ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሆነው ቤቱ ይሄዳሉ። ሁለት ልጆች የተጣሉ እንደሆነ ነገሩ ለዩኒት ሊደሩ ከመድረሱ በፊት ለማስታረቅ ይሞክራሉ። ሐሙስ ሐሙስ ትምህርት ሊጀመር ሲል ከባሕር ዛፎቹ ሥር ከመምህሩ ጋር ሩብ ሰዓት ያህል ይገናኛሉ። እዚያም የሚጠየቁት ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «በዚህ ሳምንት ማን ብቻውን ዋለ?»

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪ የሚሆነው ለመመለስ ሲሞከር ነው። ማን እንደሚረብሽ ለማወቅ ጆሮ ይበቃል፤ ማን ብቻውን እንደዋለ ለማወቅ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሰው ማየት ያስፈልጋል። 

ኅዳር ላይ የሆነውን እንንገራችሁ። ከባቲ በኩል የመጣ አንድ ልጅ ነበር። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነውና አማርኛው ገና አልቀናለትም ነበር። አንዳንድ ቃል ሲስት የሰሙ ልጆች ያንኑ ቃል ቅጽል ስም አድርገው ሰጡት። አንድ ቀን ከመጽሐፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ታዘዘ። በሁለተኛው መስመር ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅም ሳቁ አልበረደም። በማግስቱ አልመጣም። በነጋታውም አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ደጋሚው ልጅና ከእኛ አንዱ ወደ ተከራየበት ቤት ሄዱ። ልጁ አጎዛውን ጠቅልሎ በገመድ አስሮ፣ ደብተሮቹን በላዩ ላይ ደርቦ አገኙት። የሚጠብቀው የሰኞውን የባቲ ገበያ መኪና ነው። ሊመልሱት የሚችሉ ቃላት ተዘጋጅተው አልሄዱም ነበር። ደጋሚው ልጅ ከመደቡ ላይ ተቀመጠና «እኔ ዘጠነኛን ስደግም ይኸው ሁለተኛዬ ነው» አለው። «አምና በእኔ ነበር የሚስቁት። ዘንድሮ አንተ መጣህልኝና አረፍኩ። አሁን አንተ ከሄድህ ነገ ወደ እኔ መመለሳቸው አይደለም እንዴ?» ልጁ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየነው ያን ቀን ነው። በሶውን በጥብጦ አጠጣቸው። ሰኞ መኪናው ሄደ፤ ልጁ አልሄደም።

ወደ ክፍል መመለሱ ግን ግማሹ ሥራ ብቻ ነበር። ሳቁስ? ሳቁን ይመራ የነበረው ከዘጠኙ አንዱ፣ ያ ቀልደኛው ልጅ ነበር። ሐሙስ ዕለት ከዛፎቹ ሥር ማንም አልገሠጸውም፤ መምህሩም ቢሆኑ አንድ ቃል አልተናገሩትም። ደጋሚው ልጅ ብቻ «ከነገ ጀምሮ ከእርሱ ዴስክ ብትቀመጥ ምን ይመስልሃል?» አለው። ተቀመጠ። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱ ያንን ቅጽል ስም ከኋላ ሲጣራ ቀልደኛው ዞር ብሎ «ጎረቤቴን ምን ፈለግኸው?» አለ። የሳቀ የለም። ይህን ስናስብ እስከ ዛሬ ይደንቀናል። ክፍሉ ይስቅ የነበረው ቀልደኛው ስለሚስቅ ነበር፤ እርሱ ሲያቆም ሌላው ለብቻው መሳቅ አፈረ። መምህሩ ሰማንያ ልጅ ቀጥተው የማያመጡትን ጸጥታ አንድ ልጅ ቦታ በመቀየር አመጣው። ያ የባቲ ልጅ በሒሳብ ማንም የማይደርስበት ሆኖ ተገኘ፤ ከፈተና በፊት በነበሩት ምሽቶች አጎዛው የተዘረጋባት ክፍል የሒሳብ ትምህርት ቤት ሆና ነበር። ዛሬ አልሐምዱሊላህ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚሠራ የጤና መኮንን ነው።

የሴቶቹ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነበር። የከሰዓት ፈረቃ የሚያበቃው ጀምበር ስታዘቀዝቅ በመሆኑ ከበሩ ውጭ የሚያደፍጡ ጎረምሶች ነበሩ። እንጀራ የምትሸጠው ልጅ የክፍሉን ሴቶች በየሰፈራቸው ከፋፍላ አራት አራት እየሆኑ እንዲሄዱ አደረገች። ወደ ቤቷ የምትደርሰው ከሁሉም ኋላ ነበር። ይህን የሰሙ የአንዷ ልጅ አባት ተቆጥተው ት/ቤት መጡ። «መምህር! ልጄን የላክሁት ለትምህርት ነው እንጂ የሰው ልጅ ስታደርስ እንድታመሽ አይደለም» አሉ። መምህሩም «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው» አሏቸው። «ነገር ግን ከእርስዎ ሰፈር ሦስት ልጆች በዚህ መንገድ ምክንያት ትምህርቱን ሊተዉ ነበር። አንዷ የእርስዎ ልጅ ነበረች። አልነገረችዎትም?» ሰውየው ዝም አሉ። ቀጥለው ያደረጉትን ግን ያየነው በዓይናችን ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ሲመሻሽ በትራቸውን ይዘው ከቅያሱ ራስ ላይ ይቆሙ ነበር። ሌሎች ሁለት አባቶችም ተከተሏቸው። 

ሁሉም ነገር ተሳክቷል ማለታችን አይደለም። መምህሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለዘጠኙ ያስጠነቀቁት አንድ ነገር ነበር። ደም የፈሰሰበት ነገር፣ ስለት የተያዘበት ጠብ፣ ትልቅ ሰው ልጅን የበደለበት ጉዳይ፣ የጋብቻም ወሬ ከሆነ በዕለቱ ለእኔ ንገሩኝ እንጂ ራሳችሁ አትግቡበት ብለዋቸዋል። ጥር ሲገባ አንዲት የክፍላችን ልጅ ልትዳር መሆኑ ተሰማ። ዘጠኙ በዕለቱ ተናገሩ። መምህሩና አንዲት ሴት መምህርት ሽማግሌ ይዘው ወደ ገጠር ወረዱ። አባትዮው ግን ድግሱን ጀምረው ስለነበር እሺ አላሉም። ልጅቷ ተዳረች፤ በዚያ ዓመት ወንበሯ ባዶ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በማታ ትምህርት መዝገብ ላይ ስሟን አገኘነው። ልጆች ሸክም የሚችሉበት ልክ አለ። ያን ቀን የተወሰነው ነገር ከእነርሱ አቅም በላይ ነበር፤ እነርሱ የሚችሉትን አድርገዋል።

ይህ አሠራር የመምህራችን ፈጠራ ይመስለን ነበር። ኋላ እያደርን ስናስበው ግን ለእኛ አዲስ መሆን አልነበረበትም። ቁርአን ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሸኹ አንድ ናቸው፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው። ከፍ ያለው ልጅ ሎሁን ይዞ ለታናሹ አሊፍ፣ ባ፣ ታ እያለ ያስቀጥለዋል፤ ታናሹም ነገ ከእርሱ በታች ላለው ያስቀጥላል። ሦስት ሆነው መንገድ የወጡ ሰዎች አንዱን አሚር ያድርጉ የሚለውን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ያልሰማ ሙስሊም ቤተሰብ አለ ለማለት ይቸግረናል። የመንገድ አሚር ደግሞ የጓደኞቹን ጥፋት የሚመዘግብ አይደለም፤ የደከመውን የሚጠብቅ ነው።

በአውሮፓም ይህ ነገር ረጅም ታሪክ አለው። አንድሩ ቤል የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. ከ1789 ጀምሮ በሕንድ አገር በማድራስ ከተማ የወታደሮች ወላጅ አልባ ልጆችን ት/ቤት ይመራ ነበር። የአገሬው ሕፃናት በአሸዋ ላይ በጣታቸው ፊደል ሲጽፉ አይቶ ዘዴውን ወደ ት/ቤቱ አመጣ፤ ትልልቆቹንም ልጆች የትንንሾቹ መምህራን አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1798 ደግሞ ጆሴፍ ላንካስተር የተባለ ወጣት በሎንዶን በተመሳሳይ መንገድ የድሆች ት/ቤት ከፈተ። አንድ መምህር ለመቶዎች የሚበቃው በተማሪ ረዳቶች አማካይነት ነበርና ዘዴው በርካሽነቱ ተወዶ በዓለም ተሰራጨ። ረዳቶቹ «ሞኒተር» ይባሉ ነበር። እኛም እስከ ዛሬ በአንዳንድ ት/ቤት የክፍል አለቃን በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ነገር ግን በላንካስተር ት/ቤት ያጠፋ ልጅ አንገቱ ላይ ግንድ ይንጠለጠልበት፣ አልፎ አልፎም በቅርጫት ሆኖ ከጣራው ላይ ይሰቀል ነበር። ማስተማር የጀመረው ታላቅ ልጅ ቀስ በቀስ ወደ ጠባቂነት መዞሩ ይህን የሚያህል ዕድሜ አለው ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለናል። መቶ ልጅ ለአንድ ሰው ከሰጠህ ያ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጸጥታ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቅርቡ እንምጣ። ከእኛ ከሦስታችን አንዱ ኑሮው አሜሪካ ስለሆነ በዚያ የተደረገን አንድ ጥናት አነበበና ላከልን። ስናነበው የመምህራችንን ብጫቂ ያየን መሰለን። ኤልዛቤት ሌቪ ፓላክ፣ ሃና ሼፐርድና ፒተር አሮኖው የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 የትምህርት ዘመን በኒው ጀርሲ ግዛት በ56 የመካከለኛ ደረጃ ት/ቤቶች ውስጥ ያካሄዱት ነው። በእነዚህ ት/ቤቶች 24,191 ተማሪዎች ነበሩ። ለሁሉም ተማሪ የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ከማን ጋር ጊዜህን ታሳልፋለህ? የሚል ነበር። በዕጣ ከተለዩት ግማሾቹ ት/ቤቶች በእያንዳንዳቸው ከ20 እስከ 32 የሚደርሱ ተማሪዎች እንዲሁ በዕጣ ተመረጡ። አዋቂዎች «ይህን ስበኩ» አላሏቸውም። በት/ቤታቸው የሚያስመርራቸውን ጠብና ማስቀየም ራሳቸው ለይተው፣ መፍትሔውንም ራሳቸው አቀዱ። ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ሰውን ከጠብ ያስታረቀ ወይም ለተገፋ ልጅ የቆመ ሲያዩ ብርቱካናማ አምባር ይሰጡት ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ሲታይ በእነዚህ ት/ቤቶች በተማሪዎች መካከል በሚነሳ ጠብ ምክንያት የሚቀርበው የሥነ ሥርዓት ክስ ካልሞከሩት ት/ቤቶች በ30 በመቶ ያነሰ ሆነ። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ከተመረጡት መካከል ብዙ ተማሪዎች በስም የጠሯቸው ልጆች በብዛት ባሉበት ት/ቤት ለውጡ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሰው የሚጠራቸው ልጆች ሁልጊዜ ጨዋ የሚባሉት አይደሉም። ዓይን የሚጣልባቸው ግን እነርሱ ናቸው። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የእኛ መምህር ብጫቂ ያደሉት ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብለው ነበር፤ እርሳቸው ግን ማንንም አላስደነቁ፣ የትም አላሳተሙ።

በአገራችንም ተማሪን በተማሪ የመምራት ሙከራ ጠፍቶ አያውቅም። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባጨለመባቸው ዓመታት በየት/ቤቱ የተቋቋሙት የፀረ ኤድስ ክበባት መምህር ሊናገረው የሚያፍረውን ነገር ተማሪው ለተማሪው በሚኒ ሚዲያና በድራማ እንዲናገር አድርገዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተማሪ መማክርትና የልጃገረዶች ክበብም አለ። በ2000ዎቹ ዓመታት ደግሞ «አንድ ለአምስት» መጣ። ጎበዙ ተማሪ አምስት ልጆች ይዞ ያስጠናል የሚለው ሐሳብ በራሱ ክፉ አልነበረም። ሲሠራበት ግን በብዙ ቦታ መሪው በማርክ ተመረጠ፤ ቅጽ መሙላት፣ ሪፖርት ማቅረብ ዋና ሥራው ሆነ። አምስቱም የጎበዙን የቤት ሥራ ገልብጠው ይገላገሉ ነበር። አንደኛ የሚወጣ ልጅ የግድ ሰው የሚነግረው ልጅ አይደለም። በዚህ በኩል የእኛ አስተያየት ጠንከር ያለ ነው፤ የማይስማማ አንባቢ ካለ ይጻፍልን።

በሌላ በኩል እነዚህ ነገሮች ለምን እንደማይቆዩም በዓይናችን አይተናል። መምህራችን በ1987 ዓ.ል. ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩ። ዘጠኙ ለአንድ ወር ያህል ሐሙስ ሐሙስ ከዛፎቹ ሥር መገናኘታቸውን ቀጠሉ። የሚጠይቃቸው ሰው ግን አልነበረም። የቀረ ልጅ ቤት ሄደው ያዩትን ለማን ይንገሩ? አዲሱ የክፍል ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሁለት ፈረቃ የሚያስተምሩ፣ ጊዜ የሌላቸው ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያልቅ ዘጠኙ ተበታተኑ፤ ከሰሌዳው ጥግም «ረባሾች» የሚለው ጽሑፍ ተመለሰ። ከልጆቹ አንዳች አልጎደለም ነበር። የጎደለው በሳምንት ሩብ ሰዓት የሚያዳምጥ አንድ አዋቂ ነው።

ስለዚህ ነገሩ በአንድ ደግ መምህር ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይቀር የወላጅ ድርሻ አለበት። የወላጅና የመምህራን ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ አብዛኞቻችን የምናነሳው ስለ መጽሐፍ እጥረት፣ ስለ መዋጮና ስለ አጥር ነው። ተገቢ ነው። ከዚህ ጎን ግን ሁለት ነገር ብንጠይቅ ጥሩ ይመስለናል። የክፍል መሪዎች የሚመረጡት እንዴት ነው? ከተመረጡ በኋላስ ማን ያዳምጣቸዋል? መልሱ «አለቃ አለን» ከሆነ አለቃው ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ልጁ ከት/ቤት ሲመለስ «ስንት አመጣህ?» ከማለት ቀድሞ ወይም ተከትሎ «ዛሬ ማን ብቻውን ዋለ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከእኛ አንዷ ይህን ለልጆቿ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። በመጀመሪያው ሳምንት መልሳቸው «አላውቅም» ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ትንሿ ልጅ የአንድ ልጅ ስም ይዛ መጣች። በአራተኛው ከምሳ ዕቃዋ ላይ የሚጨመር እንጀራ ጠየቀች።

ወጣት አንባቢዎቻችን ደግሞ ምናልባት ስማችሁ ከብጫቂው ላይ ይገኝ እንደሆነ ታስቡ ይሆናል። ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት አለ። ከጎናችሁ ያለው ልጅ ሳታስቡት እናንተን እያየ ይስቃል ወይም መሳቁን ይተዋል። ለዚህ ሹመት አያስፈልግም፤ ባጅም አያስፈልግም። በየት/ቤታችሁ ክበብ ካለ ግቡበት፤ ከሌለ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ለአንድ የምታምኑት መምህር ንገሩ። ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ነገር ግን ለብቻችሁ አትያዙት።

ወረቀቱን ለማደል የሚሞክር መምህር ወይም ወላጅ ካለ ስለ ጊዜው አንድ ነገር እንጨምር። መስከረም ላይ ልጆቹ ገና ስለማይተዋወቁ የሚጽፉት በወሬ የሰሙትን ስም ነው። ኅዳር ካለፈ ደግሞ የሚቀረው ልጅ ቀርቶ ያድራል። ጥቅምት ይሻላል። ስም የሌለበት፣ ከአራት የተቀደደ ብጫቂ ይሁን። ለሰማንያ ተማሪ ሃያ ቅጠል ይበቃል።